የኔልማ ደረትና የበጋ ፀሐይ

ኔልማን ያወቅኋት በሳል ምክንያት ነው። በዓለም ደቡብ ጫፍ ወዳለችው ወደዚህች ደሴት ሱቅ ተቀጥሬ በመጣሁ ሰሞን ሳል ይዞኝ ነበር። ዳቦ ልትገዛ መጥታ፣ ዳቦውን ትታ "ደረቅ ነው ወይስ አክታ አለው?" አለችኝ። ሐኪም መስላኝ ነበር። ለካ ከልጅነቷ ጀምሮ አስም ያለባት፣ የሰው ትንፋሽ ሁሉ የሚገርማት ሴት ናት። ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም፤ የሷን ታሪክ ግን ልሞክር።

ኔልማ ስድሳ አልፏታል። ብርድ ሲገባ ደረቷ ሲር ሲር ይላል፤ በጋ ሲመጣ ይከፈታል። ይሄ ለምን እንደሆነ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠይቅ ኖራለች። ባለፈው ብርድ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሞይራ ደሟን አስመርምራ፣ "እትዬ ኔልማ፣ ቫይታሚን ዲ አንሶዎታል" አለቻት።

"እሱ ደሞ ከየት ነው የሚመጣው?"

"ብዙው ከፀሐይ። በብርድ ጊዜ ፀሐያችን ደካማ ናት።"

የኔልማ ዓይን በራ። "ታዲያ ደረቴን የሚዘጋው የሱ ማነስ ነዋ!"

"እሱ ገና አልለየም። አንዳንድ ጥናት ይረዳል ይላል፤ ሌላው ለውጥ አላየንም ይላል። ክኒኑን ይውሰዱ፤ በአፍ የሚስቡትን የአስም መድኃኒት፣ ኢንሄለሩን ግን እንዳይተዉ።"

"ገና አልለየም" የሚባል መልስ ኔልማ አይጥማትም። በጋ ሲገባ እጅጌዋን ሰብስባ ደጅ መቀመጥ ጀመረች። ትንፋሿም ቀለል አላት። ወንድሟ ራስል አጥሩን ተደግፎ ሳቀባት።

"እንሽላሊት ሆንሽ እንዴ? ቆዳሽ ሊላጥ ነው እኮ!"

"ዝም በል፣ ጥናት ላይ ነኝ። ያሻለኝ ፀሐዩ ነው፣ ክኒኑ ነው ወይስ ኢንሄለሩ? አንዱን ትቼ አየዋለሁ።"

"እዪ! ደረትሽ ካልተስተካከለ ግን ጀልባዬ ላይ አትወጪም።"

ይቺ ነገር ለኔልማ ቀላል አይደለችም። መጋቢት መጨረሻ ላይ የወፍ ወቅት ይከፈታል። ቤተሰቡ በጀልባ ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት ተሻግሮ ለምግብ የሚሆን የባሕር ወፍ ጫጩት ከጎጆው ጉድጓድ በእጁ እየሳበ ያወጣል። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ወፉን እንዳይበላሽ በጨው የምታሸው ኔልማ ናት። እዚያ ደግሞ ሐኪም የለም።

የተወችው ኢንሄለሩን ነበር። ለጥቂት ሳምንት ምንም አልሆነችም። "አየህ!" እያለች ራስልን ታበሽቀው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን ለጉዞ የሚሆን አሮጌ ጆንያ ስታራግፍ አቧራው ተነሳና ደረቷ ጥርቅም አለ። ራስል ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስገባትና ወደ ጤና ጣቢያ በረረ።

ትንፋሿ ሲመለስ ሞይራ ተቆጣች። "ለምን ተዉት?"

"የቱ እንደሚሠራ ለማወቅ።"

"ታዲያ አወቁ?"

"አንዱን አወቅሁ" አለች ኔልማ፣ አንገቷን ደፍታ።

ራስል አልሳቀም። "ዘንድሮ ትቀሪያለሽ" ብሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ኢንሄለሯን ጠዋትና ማታ ሳትዘነጋ ሳበች። ክኒኑንም አልተወችም፤ ይጥቀም አይጥቀም ዛሬም እየጠየቀች ነው። ወቅቱ ሲቃረብ ራስል ራሱ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ሞይራ ደረቷን አዳምጣ "ጥርት ብሏል" አለች።

ራስል ጭንቅላቱን አከከ። "ላባ አትነጪም። ጨው ብቻ። ኢንሄለሩን ደሞ እኔ ፊት ነው የምትስቢው።"

"እሺ፣ ጌታዬ!" አለችው እየሳቀች።

ዘንድሮ ተሻግራለች። ሚያዝያ ሲያልቅ ትመለሳለች። ወደዚህ ከመጣችሁ እባካችሁ ቤቷ ጎራ በሉ፤ ከወደቡ በላይ ሰማያዊ ጣሪያ ያለው ነው። ወፍ ቀቅላ ታበላችኋለች፤ ጥያቄዋም ብዙ ነውና ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ።