ሳይገባኝ ያነበብኩት የክሪዎች ጸሎት

ባለፈው ቅዳሜ ሮዝቪል የምትኖረው የልጅ ልጄ ለትምህርት ቤት ስታነብ ቆየችና፣ አንድ ሚሲዮናዊ ለካናዳ ነባር ሕዝቦች፣ ለክሪዎች፣ ፊደል እንደፈጠረ ነገረችኝ። «ሐሳቡን ከየት እንዳመጣው ግን አይስማሙም» አለች፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ። «አንዱ ከሾርትሃንድ፣ ከፈጣን አጻጻፍ ምልክት፣ ይላል፣ ሌላው ከሕንድ ፊደል፤ ክሪዎቹ ደግሞ የራሳችን ነው ይላሉ።»

«ደህና ሰው ጠየቅሽ» አልኳት። በዚህ ከተማ ያንን ፊደል የሚያነብ ሐበሻ ከእኔ ሌላ ካለ ይምጣ! ያውም ትምህርት ቤት ሳልገባ።

ወጣት ሳለሁ ኒው ሆፕ በምትባል ከተማ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ እሠራ ነበር። ጠዋት ከመኪናዬ ላይ በረዶ ጠርጌ እሄድና ለእማማ ሩት ትኩስ የአጃ ገንፎ አቀርባለሁ። ክሪ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ የእናታቸውን የጸሎት መጽሐፍ ማንበብ አልቻሉም፤ ልጆቻቸውም ፊደሉን አያውቁም። ገጹን በጣታቸው ዳበስ ያደርጉና ይዘጉታል። ሳይሞቱ አንዴ ሊሰሙት ይመኙ ነበር።

መጽሐፉን ሳየው ዘልዬ ተነሣሁ። አንዱ ቅርጽ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ድምፁ ይለወጣል አሉኝ፤ እኛ ሀ ሁ ሂ እንደምንለው።

«እማማ፣ ሚሲዮናዊው ከእኛ ነው የቀዳው!»

«እሱ አልበቃ ብሎ አንተም ልትወስድብን ነው?» ብለው ሳቁ። «አያቴ ለሽማግሌያችን በራእይ የተሰጠ ነው ትል ነበር።»

የፊደሉን ተራ በቃላቸው ያውቁታል። እሳቸው ሲሉ እኔ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ባለው የፊደል ሰንጠረዥ እየጠቆምኩ፣ የኔታ ፊት እንደለመድኩት በዜማ ሸመደድኩት። አእምሮዬ ስለት ነበር!

«ሳይገባህ ልታነብ?» አሉኝ።

«ዳዊት የደገምኩት ግዕዙ ሳይገባኝ ነው። እርስዎ ከገባዎት ይበቃል።»

ታዲያ አፌን ስከፍት የወጣው የዳዊት ንባብ ነው፤ የየመስመሩን መጨረሻ እየጎተትኩ።

«እንደዚያ አይደለም! ምን ያስለቅስሃል?» ብለው ቃል በቃል አረሙኝ። ቀስ በቀስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገጹ ሳያልቅ በቃላቸው ቀድመውኝ ሄዱ፤ እኔ ማንበቤን ተውኩ፣ እሳቸው ቀጠሉ።

«እና ማን ነው ልክ?» አለች የልጅ ልጄ።

እኔ አሁንም ሚሲዮናዊው ከእኛ ሳያይ አልቀረም እላለሁ፤ ማስረጃ ግን የለኝም። ሰውዬው ሾርትሃንድም ይወቅ፣ የሕንድ ፊደልም ይወቅ፣ ፊቱ ተቀምጦ የሚያርመው ክሪ ባይኖር አንድ ቃል ባልጻፈ ነበር። የዚያን ክሪ ስም ማን ጻፈው? ለእኔ እንኳ፣ ለእኔ ለራሴ፣ እማማ ሩት አስፈልገውኛል።