የአንድ ደቂቃ ተኩል ፊልም

ፍሰሐን ሰፈሩ ሁሉ «ፎቶው» ይለው ነበር። ፎቶ ቤት ግን አልነበረውም። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት አራዳ ውስጥ አንድ አርመን ዘንድ ፊልም ሲያጥብና ፎቶ ሲያደርቅ ስድስት ዓመት የሠራ፣ ቀጭን፣ ንግግር የማይወድ፣ ሰው ሰላም ሲለው መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነበር። እኔና ባለቤቴ አብዱልመናን ከሰንጋ ተራ ወረድ ብሎ መንገድ ዳር የስፌት ሱቅ ነበረን። ፍሰሐ ከሱቃችን ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ይኖር ስለነበር የምናገረውን ከሰው አልሰማሁትም።

አንድ ውድ ዕቃ ነበረው። ጦርነቱን በፊልም ሊያነሣ የመጣ አንድ ፈረንጅ በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ መጨረሻ ነፍሱን ሊያድን ሲሮጥ ጥሎት የሄደው የሲኒማ ማንሻ ነው። የእንጨት ሣጥን ሆኖ በጎኑ በእጅ የሚዞር እጀታ አለው። ከሣጥኑ ጋር አንድ ጥቅል ፊልምና አንድ ወረቀት ቀርቶለታል። ወረቀቱ ብርሃን ሲበዛና ሲያንስ ብርሃን የሚገባበት የሣጥኑ መስተዋት ቀዳዳ ምን ያህል እንደሚጠብና እንደሚሰፋ በፈረንሳይኛ የሚናገር ነው። ፊልሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዙሮ የሚያልቀው በአንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ሌላ ጥቅል በከተማው አይገኝም፤ ቢገኝም የሚሸጠው ለጣሊያን ብቻ ነው። ፍሰሐ በዚያች ደቂቃ ተኩል ምን እንደሚያነሣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሲያሰላስል ኖረ። የልደታን ንግሥ ላንሣ ይላል፣ ይተዋል። ሠርግ ላንሣ ይላል፣ ይተዋል። እኔም አንተ ሰው፣ ፊልሙ ሳይበላሽ አንተ ትበላሻለህ እያልኩ እስቅበት ነበር።

ከዚያ የካቲት አሥራ ሁለት መጣ። እሱን ቀን አልተርክም፤ ያየ ያውቀዋል። ሦስት ቀን ቤት ሲነድና ሰው ሲታደን ሰነበተ። እኛን እስላም ናችሁ ብለው አልነኩንም። ባለቤቴም የወታደር ሱሪ ይሰፋላቸው ስለነበር በራችን ላይ ወረቀት ለጥፈውልናል። ይህን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል። ጎረቤታችን ሠርካዲስ ግን ባሏን ጴጥሮስን ከደጃፏ ላይ ወሰዱባት። ግንበኛ ነበር፤ ከድንጋይና ከጭቃ በቀር ከማንም ጋር ጠብ የለውም። ከማዶ የምትኖረው ሀረገወይንም አንድ ልጇ ሸዋንግዛው ጠዋት እንደወጣ ቀረባት።

ሠርካዲስ በየቀኑ ስንቅ ይዛ እስር ቤቱ በር ትቆማለች። ዘበኞቹ በዚህ ስም የታሰረ ሰው የለም ይሏታል፤ እንጀራውን ግን ተቀብለው ያስገባሉ። ማን እንደሚበላው አላህ ይወቀው። እሷ ግን የለም ካሉ ለምን ተቀበሉኝ እያለች ከዚያች እንጀራ ላይ ተስፋ ትለቅም ነበር።

በዚህ መሀል አርባው እየቀረበ መጣ። ጴጥሮስ ሞቶ ከሆነ ፍትሐት ሊደረግለት፣ ተዝካሩም ሊወጣ ነው፤ ነፍሱን ባዶ እጁን መስደድ ለሷ ከሞቱም የከፋ ነው። በሕይወት ካለ ደግሞ በቁሙ ተዝካሩን ማውጣት በገዛ እጇ መግደል ይሆንባታል። የነፍስ አባቷ መሞቱን ሳያውቁ ፍትሐት እንደማያደርሱ ነገሯት። ልክ ናቸው፤ ምን ያድርጉ። ምስኪኗ ሐዘን እንዳትለብስ፣ እንዳትተወው፣ መሀል ላይ ቀረች።

በመጋቢት መጀመሪያ ላይ ሱሪውን ሊወስድ የመጣ አንድ ወታደር ለባለቤቴ ነገር አመለጠው። እስረኞቹ መጋቢት ዘጠኝ ከሰዓት በኋላ ወደ ለገሃር ይነዳሉ፤ ከዚያ ወዴት እንደሚጫኑ እሱም አያውቅም። የሚያልፉት በእኛ ሱቅ ፊት ነው። በዚያ ሰዓት መንገዱ ባዶ እንዲሆን፣ በርና መስኮት እንዲዘጋ፣ ሴቶችም ከመንገድ ዳር ቤቶች እንዲወጡ ታዟል። ሱቁ ውስጥ መቅረት የሚችሉት ባለቤቴና በሠራተኛነት የተመዘገበው ፍሰሐ ብቻ ነበሩ።

ፍሰሐ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያነሣ አወቀ። ሠርካዲስ ግን ፊልም ምን ያደርግልኛል፣ በዓይንህ አይተህ ንገረኝ ብላ ለመነችው። እሱም ሦስት መቶ ሰው ተላጭቶ፣ ከስቶ፣ በአቧራ ውስጥ ሲያልፍ ዓይን ይሳሳታል አላት። ፊልም አይሳሳትም፤ አንቺም ታይዋለሽ፣ እማማ ሀረገወይንም ያያሉ፣ ሰው የጠፋበት ሁሉ ያያል አለ። ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እውነቱን ለመናገር እኔም አመንኩት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ዝግጅቱን ላየ፣ ሰውዬው ሕይወቱን ሙሉ ለዚያች ቀን የተፈጠረ ይመስል ነበር። ሱቃችን ቆጥ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ እጅ የምታስገባ የንፋስ ቀዳዳ አለች። ሣጥኑን በእጁ ቢይዘው ስለሚንቀጠቀጥበት እዚያ የጨርቅ ጥቅሎች ደርቦ አስቀመጠውና በገመድ አሰረው። ሰዎቹን እየተከተለ ወዲያና ወዲህ ማዞርም አልፈለገም። ውኃ መውረጃው ላይ ያለችውን ጠባብ ድልድይ አነጣጠረና ሰው ወደሷ ይምጣ አለ። እስረኞቹ አሥር አሥር ሆነው ታስረው ስለሚመጡ ለእያንዳንዱ ቡድን ስድስት ዙር አዙሮ ይቆማል፣ ቀጣዩ ድልድዩ ላይ ሲደርስ እንደገና ያዞራል። በኋላ ቆርጦ የሚቀጥልበት ጠረጴዛም ሙጫም የለውም። ስለዚህ የሚጣለውን ሳያነሣ በፊት መጣል ነበረበት።

እጀታው ምቱን ጠብቆ መዞር አለበት። እጅ ሲፈጥን ወይም ሲዘገይ በፊልሙ ላይ የሰው አረማመድ ይበላሻል። ለዚህ ደግሞ የአብዱልመናንን የስፌት መኪና መረጠ። ባለቤቴ ከታች በእግሩ ሲረግጣት ጩኸቷ የሣጥኑን ድምፅ ይሸፍናል፣ ለፍሰሐም ምቱን ትሰጠዋለች። ሁለቱ ሦስት ቀን ባዶ ሣጥን እያዞሩና ባዶ ጨርቅ እየሰፉ ተለማመዱ።

የቀረው የብርሃኑ ነገር ነው። ሞክሮ የሚያየው ትርፍ ፊልም ስለሌለው ወረቀቱን ማመን ነበረበት። ወረቀቱ ነጭ በበዛበት ቦታ የመስተዋቱን ቀዳዳ አጥብበው ይላል። ወረቀቱን የጻፈው ፈረንጅ ያሰበው የአገሩን በረዶ ይሆናል። የኛ ሰዎች ነጭ ኩታና ነጭ እጀ ጠባብ ለብሰው፣ ፀሐይን ከኋላቸው አድርገው መጡ። ፍሰሐም ነጩን አየና አጠበበው።

ፊልሙን የቀድሞ ጌታው በደበቀለት መድኃኒት አጠበው። ወደ ሌላ ፊልም ገልብጦ ትክክለኛውን መልክ ለማውጣት ግን ሌላ ጥቅል ያስፈልጋል፤ እሱ የለም። ስለዚህ የሚታየው እንደወጣ፣ ነጩ ጥቁር ጥቁሩም ነጭ ሆኖ ነው። አስቀድሞ ነገረን። ይሁን፣ ፊታቸው ይለያል አለ።

በማግስቱ ቀትር ላይ የጨርቅ ማስቀመጫውን ክፍል ዘግተን አቡጀዲ ወጠርን። ባለቤቴ ውጭ ሆኖ የፀሐይዋን ብርሃን በመስተዋት መልሶ በበሩ ቀዳዳ አስገባ። ፍሰሐ የሣጥኑን ጀርባ ከፍቶ ብርሃኑን በፊልሙ ላይ አሳለፈና እጀታውን ማዞር ጀመረ። ሠርካዲስና ሀረገወይን መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ ከኋላቸው ቆሜአለሁ።

ድልድዩ መጣ። በድልድዩ ላይ ከራስ እስከ እግር ጥቁር የለበሱ ሰዎች ይሄዱ ጀመር። ፊት ግን አልነበራቸውም። ነጩን ልብስ ፈርቶ ብርሃኑን ስላጠበበው የጥቁር ሰው ፊት ፊልሙ ላይ አልደረሰም። በአንገታቸው ላይ ያለው ባዶ ነጭ ነው፤ ዓይን የለ፣ አፍ የለ፣ አፍንጫ የለ። አሥሩ አልፈው ሌላ አሥር መጡ። እነሱም ያው ናቸው። ሀረገወይን ሐዘን ያለበሳቸው ማነው ብላ ጠየቀች።

ፍሰሐ ማዞሩን አላቆመም።

ሰባተኛው ቡድን ላይ ሠርካዲስ ብድግ አለች። ጠርዝ ላይ ያለው ሰው አንድ እግሩን ጎተት አድርጎ ይረግጥ ነበር።

«ጴጥሮስ ነው» አለች። «ከግንብ ላይ ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ነው የሚረግጠው።»

«ሸዋንግዛው ነው» አለች ሀረገወይን። «ያጠባሁት ልጅ አረማመዱ ይጠፋኛል? ልጄ ነው፤ ጫማው ጠቦት ነው።»

አንድ ሰው ነው የሚያሳዩት፤ ያንኑ ጠርዝ ላይ ያለውን። መልሶ አሳያቸው፤ መልሰው ያንኑ አሉ። በመጨረሻ ሠርካዲስ ወደ ፍሰሐ ዞረች። ጎረቤቷ ነው፣ ጴጥሮስን እንደ እጁ ያውቀዋል፣ በዚያች ቀዳዳ ሦስት መቶውም አልፈውበታል። አንተ አይተሃል፣ እሱ ነው ወይስ አይደለም አለችው።

«አላየሁም» አላት። «ዙር ስቈጥር ነበር።»

ተናደድኩበት። አንድ ደቂቃ ዓይኑን ከቁጥሩ ቢያነሣ ምን ነበረበት። ሴቲቱ መጀመሪያ የለመነችው ይህንኑ ነበር።

ሁለቱም ያ ሰው ያለበትን ቁራጭ ፈለጉ። መገልበጫ ስለሌለ ሁለት አይሆንም። ፍሰሐ የባለቤቴን መቀስ አነሣና ቁራጩን ከመሀል ቆርጦ ግማሽ ግማሹን ሰጣቸው። ሠርካዲስ የደረሳትን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። አርባው አለፈ፤ ተዝካር አልወጣም፤ ይመልሱት ይሆናል እያለችም ስንቁን እስር ቤቱ በር ማድረሷን ቀጠለች። እኔም ደስ አለኝ። ቢያንስ አንድ የያዘችው ነገር አለ አልኩ።

ከወር በኋላ ይመስለኛል፣ ፍሰሐ ልብስ ሳሰጣ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሰባተኛው ቡድን ሲያልፍ አንድ ወታደር ቀና ብሎ ቀዳዳዋን አይቶ ነበር አለኝ።

«እጄ ዘለለ። ያ ሰው አላነከሰም፣ ዘኪያ። አሥሩም አንድ ላይ ነው የተጎተቱት፤ እነሱ አንዱን ብቻ ስላዩ ነው። ያነከሰው የኔ እጅ ነው።»

ሂድና ንገራት አልኩት። ምን ብዬ አለኝ። እኔም ልብሴን ማስጣት ቀጠልኩ፤ ሁለታችንም ሳንነግራት ቀረን። በዚህ ዝምታ ጥፋቴ ከሱ እንደማያንስ አውቃለሁ። እሱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠርዝ ጠርዙን ይዞ የሚሄድ ሰው ሆነ። ሣጥኑን ቆጥ ላይ ጥሎት ከባለቤቴ ጋር ቁልፍ መትከል ጀመረ፤ ቁልፍ እንኳ ሲተክል ከንፈሩ ይቈጥር ነበር።

በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት አንድ የተፈታ እስረኛ ሀረገወይንን ፈልጎ መጣ። ሸዋንግዛው የሞተው የካቲት አሥራ ሁለት ከቀትር በኋላ ነው፤ አጠገቤ ነው የወደቀው አላት። እስር ቤትም አልገባ፣ በድልድይም አላለፈ። ሀረገወይን ሁለት ዓመት የያዘችውን ግማሽ ቁራጭ ይዛ ሠርካዲስ ዘንድ ሄደች፤ ብቻዬን አልችልም ስላለች ደግፌ ወሰድኳት። ቁራጩን ጉልበቷ ላይ አኖረችላት።

«የኔ አልነበረም። ያንቺ ነው ማለት ነው ልጄ፣ እንኪ።»

ሠርካዲስ አልነካችውም።

«እርስዎ እናቱ ነዎት» አለች። «እናት እንዲህ ከተሳሳተች፣ እኔ በምኔ አወቅሁት?»

በማግስቱ ፍትሐት ይድረስለት ልትል ወደ ነፍስ አባቷ ሄደች። እሳቸውም ሁለት ዓመት ስላለፈ በዚህ ጊዜ እሺ አሉ፤ ነገር ግን የሞተበትን ቀን ጠየቋት። ቀን የላትም። ከዚያ ወደ እኛ ሱቅ መጣች። ፍሰሐ ቁልፍ ይተክል ነበር፤ ሲያያት ተነሣ። እነዚያ ሰዎች በድልድዩ ያለፉት በስንት ቀን ነበር ብላ ጠየቀችው። እኔ አየሁት፤ ያን ጊዜ እውነቱን ይነግራታል አልኩ።

«መጋቢት ዘጠኝ» አላት።

አመስግናው ወጣች።