ጢም የተቀረጸላቸው ድንጋዮች

ልጅ ሳለሁ የምኖረው ጂቡቲ ከተማ፣ ሆዳን ሰፈር፣ እናቴ ተቀጥራ በምትሠራበት ቤት ነበር። አሠሪዋን «ማዳም» እንላቸዋለን። ትውልዳቸው ካምቦዲያ ነው፤ ወደብ ላይ ሲሠራ ኖሮ እዚሁ የሞተ ፈረንሳዊ ሚስት ነበሩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የግቢው በር ይቆለፋል። የጎረቤት ልጆች በሶማልኛ እየተሰዳደቡ ሲጫወቱ እሰማለሁ፤ ከግንቡ በላይ የማየው ግን ኳሳቸውን ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋ ማዳም ወደ ክፍላቸው ይጠሩኛል። ያኔ የትንኝ ማባረሪያው ጥቅልል ጫፉ እንደ ትንሽ ፍም እየቀላ፣ ጭሱ ሻማውን እየዞረ፣ ጫካ ስለዋጣት አንኮር ስለምትባል የድንጋይ ከተማ በፈረንሳይኛ ይተርኩልኝ ነበር።

ትልቁ ቤተ መቅደስ መጀመሪያ የታነጸው ቪሽኑ ለሚባል የሂንዱ አምላክ ነው። ግድግዳው ላይ አማልክትና አጋንንት አንድ ረጅም እባብ ግራና ቀኝ ይዘው የወተት ባሕር ይንጣሉ። ሺህ ዓመት። ቅቤ ለማውጣት አይደለም፤ ሞትን የሚያስቀር መጠጥ ለማውጣት ነው።

ከዚያ ቡድሃን የሚከተል ንጉሥ መጣ። ሌሎች ቤተ መቅደሶች ሠርቶ በቡድሃ ምስል ሞላቸው። ከእሱ በኋላ ደግሞ ቡድሃን የማይወድ ነገሠ።

«ታዲያ አፈረሳቸው?»

«ድንጋይ ማፍረስ ያደክማል» አሉ ማዳም እየሳቁ። «ብዙዎቹን ፈልፍለው አወጧቸው። አንዳንዶቹን ቡድሃዎች ግን ጢም ቀረጹላቸውና የሂንዱ ባሕታዊ አደረጓቸው።»

ከራት በፊት እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ትጠይቀኛለች። «ዛሬ ደግሞ ምን አወሩሽ?» ፈረንሳይኛዋ ከገበያና ከጽዳት አያልፍም። አንገቷ ላይ ማተብ አለ። የጣዖት ወሬ መሆኑን ካወቀች ያ ክፍል ይዘጋብኛል። ሌላ የሚያወራኝ ሰው አልነበረኝም።

እኔም ማዳም በነገሩኝ የቡድሃ ታሪክ ላይ ጢም ቀረጽኩ።

«አንድ ቅዱስ ነበረ» አልኳት። «የንጉሥ ልጅ ነው። በሽተኛ አየ፣ ሽማግሌ አየ፣ ሬሳ አየ። ከዚያ ቤተ መንግሥቱን ጥሎ መነነ።»

ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። «ይሄንንማ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆነን ደሴ፣ ቄሱ ተርከውልን ነበር። ቀጥዪ።»

ደነገጥኩ። ቡድሃን ቅዱስ ያደረገው ውሸቴ ከእኔ ቀድሞ እዚያ ደርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየምሽቱ «ቀጥዪ» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን የማዳም ልጅ ከፈረንሳይ መጥቶ ወሰዳቸው። ቤቱ ተዘጋ። ካርቲየ 2 የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየን። በመጀመሪያው ምሽት አላስችል አለኝ።

«እማዬ፣ ያ ቅዱስ እኮ ቅዱስ አይደለም። ቡድሃ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ የማዳምን የቡድሃ ምስል አቧራ በየጠዋቱ የምጠርገው እኔ አልነበርኩም? ፊቱ ሲንበረከኩ የማየውስ? ዓይን የላትም ብለሻል።»

«ታዲያ ለምን አልከለከልሽኝም?»

«ሌላ ማን ነበረሽ?» አለች፣ ፍራሹን እየዘረጋች።

አሁን አንኮርን ስልኬ ላይ እየከፈትኩ አያለሁ። ጎብኚዎቹ ብዙ ናቸው። ጢማሞቹን እፈልጋለሁ፤ አንዳንዴ አገኛቸዋለሁ፣ አንዳንዴ ያገኘሁ ይመስለኛል። የማዳም ድምፅ ከጆሮዬ እየራቀ ነው። ወጥ ቤቱ ግን አልራቀም። ውሸት መሆኑን እያወቀች «ቀጥዪ» ትል የነበረው ለእኔ ብላ ብቻ አይመስለኝም። ያኔ እኔ ሻማው አጠገብ ተቀምጬ ተረት ስሰማ፣ እሷ በጨለማው ወጥ ቤት ለብቻዋ ስትቆም፣ የሚያወራት ማን እንደነበረ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም።