የአንድ ቀን መንገድ

የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ የመጋዘኑን በር ተደግፎ ቆሟል። አባቴና ሁለት ጫኝ ባልደረቦቹ ሣጥኖች ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ ከአባቴ ጀርባ ነኝ። ፀሐይ ላይ የቆሙት ጎረቤታችን አደይ ለተብርሃን ብቻ ናቸው። ዛሬ ቁሓ አውሮፕላን ማረፊያ የልጅ ልጄን ስጠብቅ፣ አንድ መንገደኛ በረራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሲጠይቅ ሰምቼ ሁሉም በየቦታቸው ታዩኝ።

ያኔ ቁሓ የሚያርፉት የጣሊያን አውሮፕላኖች ነበሩ። የአደይ ለተብርሃንን አንድ ልጅ ለወታደርነት ሊቢያ፣ ትሪፖሊ ድረስ ወስደውታል፤ ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቷል የሚል ወሬ መጥቶ ነበር።

«ልጄ፣ ትሪፖሊ የስንት ቀን መንገድ ነው?» አሉ።

አስተርጓሚው ሜዳው ላይ ወደቆመችው አውሮፕላን በአገጩ አመለከተ። «ይቺ ጠዋት ተነሥታ ማታ እዚያ ናት። የአንድ ቀን መንገድ።»

እሳቸው መንገድ የሚያውቁት በእግር ነው። ፊታቸው በራ። «እንደ ውቅሮ ማለት ነዋ።»

«እንደ ውቅሮ» አለና ጫኞቹን ጠቀሰ። «ፈጠን ካልሽማ ለራት ትደርሻለሽ።»

ጫኞቹ ሳቁ። «ለኔም ማካሮኒ ቋጥረሽልኝ ነይ» አለ አንዱ።

የአባቴን እጅጌ ሳብኩት።

«ዝም በይ» አለኝ በሹክሹክታ። «ሲደክማቸው ይመለሳሉ። እኔ እንጀራዬ በዚህ ሰው እጅ ነው።»

«በየት በኩል ነው?» አሉ አደይ ለተብርሃን። አስተርጓሚው ወደ ሰሜን ጠቆማቸው። ቆመው መረቁት፤ መቀነታቸውን አጠበቁ፤ የቋጠሩትን በሶ አንሥተው ሄዱ።