የባለጋሪው ፈረስና የእኔ ጥንዚዛዎች

በደርግ ዘመን ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቤተ ሙከራ ረዳትነት ስቀጠር፣ እናቴ ነጭ ጋዋን የምለብስ መስሏት ለጎረቤት ሁሉ አወራች። በመጀመሪያው ቀን የባዮሎጂው መምህር ደምሴ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ አስያዙኝ። «ቆዳ መጋዘን ሂድ። ከደረቁት ቆዳዎች ሥር ጥቋቁር ጥንዚዛዎች ታገኛለህ፤ ከነዕጫቸው ለቅመህ አምጣ» አሉኝ። ለእናቴ ምን እንደሠራሁ አልነገርኳትም።

እነዚህ ጥንዚዛዎች የሞተ እንስሳ ሥጋ ይበላሉ። እነሱና መሰሎቻቸው ባይኖሩ በየሜዳው የሚወድቀው ጥንብ መላወሻ ባሳጣን ነበር። አጥንት ግን አይነኩም። ተማሪዎቻችን አፅም የሚያውቁት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ስለነበር መምህር ደምሴ የሚፈልጉት ሥጋው ተበልቶ የሚቀረውን ንጹሕ አጥንት ነበር።

የአይጥና የድመት አፅም ሠርተን እንደጨረስን የሰፈራችን ባለጋሪ የጋሼ ወርቁ ፈረስ ዳማ በእርጅና ሞተ። ጋሼ ወርቁ ሚስትም ልጅም የላቸውም፤ የነበራቸው ዳማ ነው። የእንጦጦ ጅብ እንዳይበላባቸው ፈሩ። መምህር ደምሴ «ለእኛ ይስጡን፤ ጅብ አይደርስበትም፣ ቆሞ ይኖራል» አሏቸው። እያለቀሱ ሰጡን። ቆሞ የሚኖርበትን መንገድ ግን ማንም አልነገራቸውም።

ቆዳውን ገፈፍን፣ ወፍራም ወፍራሙን ሥጋ አነሣን፣ የቀረውን በነፋስ አደረቅን፤ ጥንዚዛ እርጥብ ሥጋ አይወድም። ከዚያ ቆርቆሮ በለበሰ ትልቅ ሣጥን ውስጥ ከጥንዚዛዎቹ ጋር ዘጋንበት።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ወርቁ ለሣልስት እንደሚመጣ ሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ልከለክላቸው ስል ክዳኑን ከፈቱት።

«ከጅብ እናድናለን ብላችሁ ለጥንዚዛ!» ብለው ጮኹ። በቀጥታ ሄደው ቀበሌ ከሰሱን። በዚያን ጊዜ ቀበሌ ተከሶ ቤቱ የሚያድር ሰው ዕድለኛ ነበር።

ሊቀመንበሩ ዲዲቲ መርጫ ያዘለ ሰው አስከትለው ደረሱ። «በዚህ ቀበሌ ሳይሠራ የሚበላ አንፈልግም» አሉ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መብላታቸው ነው እኮ ሥራቸው» አልኩ። መምህር ደምሴ እግሬን ረገጡኝ።

«ይረጭ! ፈረሱም ከነሣጥኑ ወጥቶ እንጦጦ ሥር ይቀበር።»

ጋሼ ወርቁ እንጦጦ ሲባል ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ። አጥንቱንም ይበሉታል?»

«አይበሉም ጋሼ፤ አፋቸው አይችልም።»

«ጅቡስ?»

«ጅብማ ቆፍሮ ያወጣዋል። ሰኮናም አያስተርፍልዎት።»

ጋሼ ወርቁ ክዳኑን መልሰው ሣጥኑ ላይ ወጥተው ቁጭ አሉ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ክሴን አንሥቻለሁ። መርጨት ካለብዎት እኔን ይርጩኝ» አሉ። ሊቀመንበሩ አጉረምርመው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ወርቁ ጠዋት ጠዋት እየመጡ «በሉ ወይ?» ይሉኛል። የክረምቱ ብርድ ጥንዚዛዎቹን አደንዝዞ ሥራ ቢያስፈታቸው፣ ዳማ ይለብሰው የነበረውን ብርድ ልብስ አምጥተው ሣጥኑን አለበሱት። ሱፍ ነበርና ጥንዚዛዎቹ ዳር ዳሩን ቀመሱት። «ይብሉ፤ ሠርተው ነው» አሉ።

ክረምቱ ሲወጣ አጥንቱን በሽቦ ገጣጥመን ዳማን አቆምነው። ጋሼ ወርቁ ዙሪያውን ዞሩት፣ ግንባሩን ዳሰሱት፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ዳማዬ፣ ከሳህ» አሉት።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ብዙ አፅም ሠርቻለሁ። ለወጣት ረዳቶች የምለው አንድ ነገር ነው፤ እንስሳ ስትረከቡ፣ ማን እንደሚበላው ለባለቤቱ አስቀድማችሁ ንገሩት።