ከቆላ የመጣው ጠርሙስ

እናቴ ቀራንዮ ውስጥ ጠጅ ትጥል ነበር። ያኔ በጃንሆይ ጊዜ ከአስኮ እስከ ዘነበወርቅ ያለ ጠጪ ሁሉ የእሷን የሚያህል የለም ይል ነበር፤ እሷም ታምናለች፣ እኔም እስከ ዛሬ አምናለሁ። አፏም እንደ ጠጇ ነው፤ ሲጀምር ይጣፍጣል፣ ኋላ ሰው ይጥላል።

እኔን ለጋብቻ የጠየቀኝ ሰው ቆላ ወርዶ አዋሽ ዳር ባለ የወይን እርሻ ይሠራ ነበር። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ ሁለቴም እማዬ እምቢ አለች። ሰውየውን ጠልታው አይደለም። ታላቅ እህቷ ቆላ ተድራ በዓመቷ ወባ ገድሏታል። ከዚያ ወዲህ እማዬ ቆላ ሲባል ከሰማች ታማትባለች። «ለሞት ልጅ አልድርም!» ብላ ነው ሽማግሌዎቹን የሸኘቻቸው። እኔ ደግሞ ከእሱ ሌላ ላላገባ ቆርጫለሁ። ግን ያለ እሷ ምርቃት ከቤት መውጣት አንጀቴ አልቻለም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ራሱ መጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ብብቱ ውስጥ ይዟል። ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ የሚመጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ክው አልኩ! ጓዳ ገብቼ በመጋረጃው ጥግ ማየት ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ለጋብቻው ጉዳይ አልመጣሁም» አለ። «ይህ ከእርሻችን የወጣ ቀይ ወይን ጠጅ ነው። እርስዎ ቀምሰው እንዲፈርዱ ብዬ ነው።»

ብልጥ! እማዬ በሙያዋ ከጠሯት መቼ እምቢ ትላለች። ብርሌ አቀረበች።

እሱም ብርሌው ውስጥ ጥቂት ጠብ አደረገላትና እጁን አጣምሮ ቆሞ ጠበቃት። የእርሻው ፈረንጅ አለቃ ያስተማረው እንዲህ ነው፤ እንግዳው ቀምሶ ሲወደው ብቻ ይሞላለታል። እኛ ቤት ግን መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ የሚቀምሰው የሚቀዳው ሰው ነው። ክፉ ነገር ካለበት እኔን ያስቀድመኝ ማለት ነው። እማዬ ብርሌውን አየች፣ እሱን አየች።

«መርዙን በእኔ ልትሞክር ነው?»

«ኧረ እትዬ! በፈረንጅ ወግ እኮ...»

«የፈረንጅ ወግህን ለፈረንጅህ! አንሳልኝ ይሄን!»

አለቀልኝ አልኩ። ሳላስበው ከመጋረጃው ወጥቼ መዳፌን ዘርግቼ አሳየሁት። ግንባሩን መታ አደረገና መዳፉ ላይ ቀድቶ ጠጣ። በድንጋጤው አብዝቶት ኖሮ ቀዩ እስከ ነጭ ሸሚዙ እጅጌ ወረደ። እማዬ ሳቋ መጥቶ ዋጥ አደረገችውና ብርሌውን አነሳች።

ወደ በሩ ብርሃን ያዘችው። ጠጅ ብርሃን ያሳልፋል፤ ይሄ እምቢ አለ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ቀላ። ዘንበል አድርጋ ስትመልሰው በብርሌው ጎን ወፍራም ሆኖ፣ ቀስ እያለ ወረደ። አፍንጫዋን ወደ ብርሌው አንገት አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ተጎነጨች፣ አፏ ውስጥ አቆየችው፣ ዋጠችው። ብርሌውን መልሳ አሸተተችው።

«ማሩ የታለ?» አለች በመጨረሻ በቀስታ፣ ለቅሶ ቤት እንኳን ድምፅዋን ዝቅ የማታደርገው እማዬ!

«ማር የለውም።»

«ጌሾስ? ጥርስ ይይዛል እኮ።»

«የፍሬው ቆዳ ነው እንደዚያ የሚይዘው።»

«ውሃስ?»

«ጠብታ የለበትም እትዬ። ፍሬው ብቻ ነው። የቆላው ፀሐይ ነው እንዲህ የሚያበስለው፤ ብርድ አገር ቢሆን ኖሮ ይኮመጥጥ ነበር።»

«በስመ አብ!» አለች እማዬ። «ያ የእህቴ አገር ነው ይሄን የሚያወጣው?» እንደገና ተጎነጨች። ስትቆጣም ስታለቅስም አይቻት አውቃለሁ፤ እንዲህ ተደንቃ ግን አይቻት አላውቅም።

ከዚያ ጠርሙሱን ራሷ አነሳችና ሌላ ብርሌ ሞላች። በእሷ ቤት ሕግ የጠጅ ቤት ልጅ መጠጥ አትቀምስም፤ እስከዚያ ቀን የራሷን ጠጅ እንኳን አልቀመስኩም። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል ቀመሰችው። ብርሌውን በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

ጠጣሁት። መጀመሪያ ዘቢብ ዘቢብ አለኝ፣ ቀጥሎ የዱር እንጆሪ። ከዚያ ሙቀቱ መጣ፤ በርበሬ አይደለም፣ አረቄም አይደለም፣ ቀን ሙሉ ፀሐይ የመታው ግድግዳ ላይ ጀርባዬን የሰጠሁ ያህል ውስጤ ሞቀ። አንድ አገር ሙሉ በአንድ ጉንጭ ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ቀና ስል የእማዬ ዓይን እንባ ሞልቷል።

«በይ፣ ቀምሼልሻለሁ» አለችኝ። «ሂጂ።»