ለቁመት የተደገመች ዓመት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2014፣ ረቡዕ ከቀትር በኋላ፣ ሚስ ኦርሊና ትረስቲ ቤታቸው ተቀምጠው የሊክ ፎርክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ከ1973 ጀምሮ የሠሩትን ጥፋት በሙሉ ወደ ንጹሕ ደብተር እየገለበጡ ነበር። የ1996 ዓመት ላይ ደርሰዋል። አራተኛውን ጥፋት ዳኛው በግፍ የጻፈበት የአንድ ልጅ ስም እስከ ግማሹ ተጽፎ ቆሟል። ብዕሩ አልተከደነም። ሚስ ኦርሊና ብዕር ሳይከድኑ ወንበር ላይ የሚያንቀላፉ ሰው ስላልነበሩ፣ በመስኮት ያዩዋቸው ጎረቤት ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ሐኪሙ ልባቸው ነው አለ። ስድሳ ስድስት ዓመት ከሁለት ወር ከዘጠኝ ቀን ኖረዋል።

ከዚህ ውስጥ አርባ አንዱን ዓመት የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ቢሮአቸው በወጥ ቤቱና በመጫወቻ አዳራሹ መካከል ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ከሰዓት በኋላ ልምምድ ሲጀመር ኳሱ በነጠረ ቁጥር ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ይዘላል። ቀትር ላይ የበቆሎ ዳቦ አሬራ ውስጥ ፈርፍረው በማንኪያ ይበሉ ነበር፤ ለዚህ የሚበቃቸው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። በዚያ ሰዓት ፋይል ፍለጋ የመጣን ሰው ቀና ብለው ያዩትና «ሞተሃል?» ይሉታል።

«ኧረ አልሞትኩም።»

«እንግዲያ ትጠብቃለህ።»

ጨዋታ ባለበት ማክሰኞና ዓርብ ማታ ግን ሌላ ሰው ናቸው። አራተኛ ረድፍ፣ አሥራ አንደኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ዓይንህን ቤት ረስተኸው ነው እንዴ የመጣኸው፣ የኔ ማር?» እያሉ ዳኛውን ያስጨንቁታል። ከጎረቤት አውራጃ ይመጣ የነበረ አንድ ዳኛ እሳቸው ባሉበት በኩል አልሮጥም ብሎ አለቆቹን በጽሑፍ ጠይቋል። የደብዳቤውን ቅጂ ከየት እንዳገኙት አይታወቅም፤ ግን ፋይል አድርገውታል።

በዚያ አገር ሜይ ሲገባ አባቶች ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ መዝገብ ቤት ይመጣሉ። ልጃቸው ስምንተኛ ክፍልን ጨርሷል፤ የትንንሾቹ ትምህርት ቤት መዝገብም እዚሁ ነው።

«ልጄ ይድገምልኝ፣ ሚስ ኦርሊና።»

«ምን ወደቀ?»

«ምንም አልወደቀም። አጠረ እንጂ።»

አንድ ዓመት ቢደግም አንድ ዓመት ይረዝማል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባም ከእኩዮቹ በላይ ይዘላል። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ሁሉም ያደርገው ስለነበር ማንም እንደ ነውር አያየውም። ቅጹ ላይ «የደገመበት ምክንያት» የሚል መስመር አለ፤ ሕመም፣ መቅረት ወይም ውጤት ተብሎ እንዲሞላ ነው። ሚስ ኦርሊና ዘጠና ሁለት ያመጣን ልጅ ወደቀ ብለው አይጽፉም። ከ1979 ጀምሮ በዚያ መስመር ላይ፣ በጠራ የእጅ ጽሑፍ፣ «ለቁመት» ብለው ይጽፉ ነበር። ሠላሳ አንድ ልጆች ለቁመት ደግመዋል። አራቱ ከሁለት ሜትር አለፉ፤ አሥራ ዘጠኙ ሳይደግሙም የሚያድጉትን ያህል አደጉ፤ ሰባቱ ባሉበት ቀሩ፤ አንዱ ወደ ጎን አደገ።

ሠላሳ አንደኛው ከርዊን ስሎን ነው። በ2009 አሥራ አራት ዓመቱ ነበር፤ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ ስምንት። እናቱ ጄሪሊን በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ትሠራለች። አሰልጣኙ ቬርሊን ፕሬተር ሦስት ቀን ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ለመናትና ፈረመች። ልጁ ግን አለቀሰ። ያነበበውን መጽሐፍ እንደገና ሊያነብ ነው። ቬርሊን ሊያባብለው አንድ ዘዴ አመጣ፤ ከርዊን ከትንንሾቹ ጋር አይቀመጥም፤ ሁለተኛ ደረጃ ግቢ መጥቶ የዘጠነኛ ክፍልን ትምህርት ይማራል፤ ከሰዓት በኋላ ከትልልቆቹ ጋር ይለማመዳል። አዳራሹ ውስጥ ለመለማመድ ደግሞ መመዝገብ ግድ ነው። ቬርሊን ወረቀቱን ራሱ ሞላ፤ ራሱ ፈረመ፤ ራሱ አመጣው።

ሚስ ኦርሊና ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ቬርሊን፣ ይኼ ልጅ ስምንተኛ ነው ዘጠነኛ?»

«ሲደግም ስምንተኛ፣ ሲለማመድ ዘጠነኛ።»

«እኔ ዘንድ ለሁለት የሚከፈል ልጅ የለም።»

«ፋይሉ ውስጥ ያስቀምጡት፣ ሚስ ኦርሊና። ማን ያየዋል?»

አስቀመጡት።

ከርዊን አደገ። እንዲያው ማደግ አይባልም፤ በበጋ ዕረፍት ሄዶ ሲመለስ በር ላይ ማጎንበስ ጀመረ። ሁለት ሜትር ከስምንት ላይ ቆመ። በ2014 ማርች ሊክ ፎርክ የክፍለ ግዛቱን ዋንጫ በላ፤ ከ1952 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። አውቶቡሱን የእሳት አደጋ መኪኖች አጅበው አስገቡት። ሚስ ኦርሊና ከጩኸት ብዛት ድምፃቸው ጠፍቶ አራት ቀን በወረቀት ሲነጋገሩ ሰነበቱ። መምህራኑ እነዚያን አራት ቀናት አሁንም በናፍቆት ያነሧቸዋል።

ከዚያ ሕጉ መጣ። የፕሮፌሽናሉ ሊግ ሕግ አጭር ነው፤ ተጫዋቹ በሚመረጥበት ዓመት አሥራ ዘጠኝ የሞላው መሆን አለበት፤ ሁለተኛ ደረጃን ካጠናቀቀም ቢያንስ አንድ ዓመት ሊያልፈው ይገባል። ከርዊን አሥራ ዘጠኝ በፌብሩዋሪ ሞልቶታል። አንዷን ዓመት ደግሞ በክፍለ ግዛቱ ኮሌጅ ተጫውቶ ያሳልፋታል ተብሎ፣ የከተማው ሰው ጨዋታውን የሚያይበትን አውቶቡስ ከወዲሁ መከራየት ይዟል። ከርዊንን የጠየቀው አልነበረም።

ኤፕሪል 14፣ ሰኞ፣ ከርዊን በመዝገብ ቤቱ በር አጎንብሶ ገባ።

«ሚስ ኦርሊና፣ አንድ ዓመት ጠፍቶብኛል። ይፈልጉልኝ።»

«የት ጣልከው?»

«ስምንተኛ ክፍል።»

ሚስ ኦርሊና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «ተቀመጥ። ወንበሩን ግን እንዳትሰብር።»

«አንድ ዓመት ጠብቅ ይሉኛል፤ እኔ ጠብቄያለሁኮ! ጓደኞቼ ሲያልፉ እኔ ቁጭ ብዬ ነበር። አሁን የሚፈልጉኝ የሊጉ ቡድኖች አሉ። ስም ማስገቢያው የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ ያልቃል። ጉልበቴ ዘንድሮ ደህና ነው፣ ሚስ ኦርሊና። የማውቀው የዘንድሮውን ብቻ ነው።»

ከኪሱ ቅጽ አወጣ። ትምህርት ቤቱ የሚሞላው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ተማሪው ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቀበት ቀን።

እሱ ከወጣ በኋላ ሚስ ኦርሊና ፋይሉን አውጥተው ቆጠሩ። ለማጠናቀቅ ሃያ ሁለት ትምህርት ማለፍ ያስፈልጋል። ቬርሊን ፈርሞ ዘጠነኛ ክፍል ባስገባበት ዓመት ከርዊን ስድስቱን አልፏል። እነሱን ይዞ ሲቆጠር ሃያ ሁለተኛው የሞላው ሜይ 24 ቀን 2013 ነው፤ ዓመት ሊሆነው ነው። እንደገና ቆጠሩ፤ ያው ነው። ሃያ ሁለት ከሚለው ቁጥር ጎን ደግሞ በእርሳስ የተደረገች ትንሽ ምልክት ነበረች። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ምልክቷ እዚያው ናት፤ የራሳቸው ናት።

ባለፈው ሜይ አይተውታል። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ቡድኑ በግማሽ ፍጻሜ በአንዲት ነጥብ ተሸንፎ መጥቶ ነበር። ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ለትምህርት ቤት አይጫወትም። ፋይሉን ጨርሷል ብለው መዝጋት ሲገባቸው፣ ወደ መሳቢያው መልሰውት ስለሌላ ነገር ማሰብ ጀመሩ።

እንግዲህ ያቺ ቀን ከተጻፈች ከርዊን ነፃ ይወጣል፤ ዋንጫው ግን ይሄዳል። ጄሪሊን ልጇ የጠየቀውን ለወጥ ቤት ጓደኞቿ በሹክሹክታ ነገረቻቸው፤ እስከ ማታ ከተማው ሁሉ ሰማ። በማግስቱ ለሚስ ኦርሊና መለማመጫ ፓይ፣ ያ ፍሬ የሚሞላው ጣፋጭ ቂጣ፣ መምጣት ጀመረ። የአፕል፣ የኮክ፣ የቼሪ ፓይ በሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ደረሰ፤ የእሳት አደጋ ኃላፊው ደግሞ አንድ ሙሉ የአሳማ ጭን ተሸክሞ መጣ። ሚስ ኦርሊና ሁሉንም አመስግነው ተቀበሉና በሉ።

ኤፕሪል 22፣ ማክሰኞ፣ ቬርሊን ራሱ መጣ።

«ደህና ነዎት፣ ሚስ ኦርሊና?»

«ፓይ አላመጣህም።»

«ሚስቴ ትናንት ልካለች።»

«ያ ያንተ ነበር? ስኳሩ በዝቷል። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። «የዘንድሮን ሜይ ይጻፉ። ዲፕሎማውን የሚቀበለው ያኔ ነው፤ ውሸት የለበትም።»

«የጠየቁኝ የጨረሰበትን ነው። ወረቀት የሚቀበልበትን አይደለም።»

«ኧረ አንድ ዓመት ምን አላት? ኮሌጅ ገብቶ ይበላል፣ ይጫወታል፣ እኛም በአውቶቡስ ሄደን እናየዋለን!»

ሚስ ኦርሊና ተነሥተው የታችኛውን መሳቢያ ሳቡ፤ አንድ ቢጫ ፋይል ፊቱ አኖሩለት። የ1981 ነው።

«አንብብ።»

«...ፕሬተር፣ ቬርሊን። ስምንተኛ ክፍልን የደገመበት ምክንያት...» ጉሮሮውን ጠረገ። «ለቁመት።»

«ያኔ ስንት ነበርክ?»

«አንድ ሜትር ከሰባ።»

«ዛሬስ?»

«በጫማ ነው በባዶ እግር?»

«ቬርሊን።»

«ያው ነኝ።»

«ያን ዓመት ምን ስትሠራበት ከረምክ?»

ቬርሊን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረ። «የክፍሉን መስኮቶች ቆጠርኩ። አሥራ አራት ናቸው። ግን ስድሳ ሁለት ዓመት ነው የጠበቅነው፣ ሚስ ኦርሊና! እርስዎም ነበሩ። ጮኸዋል!»

«ጮኼያለሁ። ይህቺን ምልክት ደግሞ እያት። የማን እጅ ናት?»

«የእርስዎ ትመስላለች።»

«ናት። አምና አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ዋንጫውን ካንተ ባላነሰ ፈልጌዋለሁ።»

«እንግዲያ አሁንም ዝም ይበሉዋ!»

«አምና የጠየቀኝ የለም። ዘንድሮ ልጁ መጥቶ ጠየቀኝ።»

አዳራሹ ውስጥ ኳስ ነጠረ፤ ማኅተሙ ዘለለ።

«ጥፋቱ የማን ተብሎ ነው የሚጻፈው?» አለ ቬርሊን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የሁለታችን። ያንተ ፊርማ፣ የኔ እርሳስ። ልጁ ምንም እንዳላጠፋ ከላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ነው የምጽፈው።»

«ከተማው ያኮርፍዎታል።»

«ፓይ ይቀርብኛላ። ልብሴም ጠቦኝ ነበር።»

ቬርሊን ሳያስበው ሳቀ፤ መሳቁ ደግሞ አናደደው። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «ስኳሩ እውነት በዝቶ ነበር?» አለ።

«እውነት።»

«እኔም ነግሬያት ነበር» ብሎ ወጣ።

ጁን መጨረሻ ላይ የከርዊን ስም በፕሮፌሽናሉ ሊግ ምርጫ ሃያ ሦስተኛ ሆኖ ተጠራ። ዋንጫው ደግሞ ኦክቶበር ላይ በአንድ ነጭ መኪና ተጭኖ ሄደ፤ ቬርሊን ራሱ ነው ያስረከበው። የመስታወት ሣጥኑ ውስጥ አቧራ ያልነካው ክብ ቦታ ቀርቷል፤ የጽዳት ሠራተኛዋም አትነካውም። ከርዊን ባለፈው የገና ሰሞን መጥቶ ያን ክብ አጎንብሶ ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ። ሚስ ኦርሊና ግን ይህን ሁሉ አላዩም።

እሳቸው ባረፉባት ረቡዕ ጠዋት ሁለት ደብዳቤ ይዘው ከቢሮ ወጡ። አንዱ ለሊጉ፣ ሌላው ለክፍለ ግዛቱ የትምህርት ቤቶች ስፖርት ጽሕፈት ቤት ነው፤ በሁለቱም ላይ ያለችው የማጠናቀቂያ ቀን አንድ ናት፤ ሜይ 24 ቀን 2013። በወጥ ቤቱ በኩል ሲያልፉ ጄሪሊን እጇን በሽርጧ እየጠረገች ተከተለቻቸው።

«ሚስ ኦርሊና፣ ያኔ ይድገም ብዬ የፈረምኩት እኔኮ ነኝ።»

«ፊርማሽን አይቼዋለሁ።»

«ክፉ እናት ነኝ?»

«ሠላሳ አንድ እናቶች ፈርመውልኛል፣ የኔ ማር። ጽሑፋቸው የሚነበበው ያንቺና የአንዲት ሌላ እናት ብቻ ነው። ሂጂ፣ ባቄላው እያረረ ነው።»

ፖስታ ቤት ሲገቡ ሌላ ሰው አልነበረም። መስኮቱ ላይ ያለችው ኔቫ ናት፤ የእኅቷ ልጅ በፍጻሜው ጨዋታ ላይ አራት ደቂቃ ተጫውቷል። ኔቫ የፖስታዎቹን አድራሻ አንብባ ቀና አለች።

«ሁለቱም በሪኮማንዴ፣ በአደራ?»

«ሁለቱም።»

«ውስጡ የሚሰበር ነገር አለ?» ይህን የምትጠይቀው ደንብ ሆኖባት ነው።

«ዋንጫ አለ። ግን አጥፌ ነው የከተትኩት።»

ኔቫ አልሳቀችም። የሊጉን ደብዳቤ ማኅተም መታችና ሁለተኛውን በእጇ ይዛ ቆየች። «ይኼኛው እስከ ሰኞ እዚህ ቢያድር ምን ይላሉ? የልጁ ያልፍለታል፤ የኛም እስከዚያ...»

«ኔቫ፣ የኔ ማር፣ ማኅተሙን ምቺ።»

መታች። ሁለት ደረሰኝ ቆርጣ ሰጠቻቸው። ሚስ ኦርሊና ደረሰኞቹን ወደ ብርሃን አስጠግተው አነበቡ፤ ከዚያም ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ።

«አራት ሰዓት ከሃምሳ ይላል። ገና ከአርባ ሰባት ነው።»

«ሦስት ደቂቃ ነውኮ፣ ሚስ ኦርሊና!»

«አስተካክይልኝ።»

ኔቫ አስተካከለችላቸው። ሚስ ኦርሊና ደረሰኞቹን ቦርሳቸው ውስጥ አስገቡና አመስግነው ወጡ።